ቆሽሾ ወደተለቀቀ ቤት ለምትገቡ፦ የመጀመሪያዋን ማታ የሚመለከት ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው በኡራኤል፣ በካዛንቺስ፣ በባምቢስና በአትላስ አካባቢ ቤት የተከራያችሁትን ወይም የምታፈላልጉትን ነው። ወር ሲያልቅ በእነዚህ ሰፈሮች ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከየግቢው ሲወጣና ሲገባ ይውላል። የቀድሞው ተከራይ ጠዋት ይወጣል፤ አዲሱ ከሥራ መልስ፣ ሲመሻሽ ይገባል። በመካከል ቤቱን ከፍቶ የሚያናፍሰው ሰው የለም። አዲሱ ተከራይ መብራት ሲያበራ የሌላ ሰው ኑሮ ትራፊ ይጠብቀዋል፤ የጠቆረ ሽንት ቤት፣ ቅባት የጠጣ የኩሽና ግድግዳ፣ በቁም ሳጥን ሥር የአይጥ ኩስ፣ አልጋው በነበረበት በኩል ትኋን የተጨፈለቀበት ቀለም። ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ ፍራሹ በረንዳ ላይ ተቆልሏል፤ ዝናብ እያስፈራራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ከሱቅ በረኪናና አሲድ ይገዛል፤ በሩ ተዘግቶ ይፈተጋል፤ ወለሉ እንዲደርቅ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ለትኋኑ ደግሞ ሰው የነገራቸው መርዝ ይነሰነሳል። ቆሻሻው ራሱ ቢያናድድም በአንድ ሌሊት ሰው አይገድልም። ቆሻሻውን በአንድ ሌሊት ለማጥፋት የሚደረገው ጥድፊያ ግን ይገድላል።

ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሄዷል። ሥራው ወይም የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚሁ የሆነበት ተከራይ ደግሞ በቀሩት ግቢዎች ውስጥ ክፍል መፈለግ ግድ ሆነበት። ደላላው “ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ቀብድ አስይዙ” ሲል የማይደነግጥ የለም። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን ከዕቃችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ተቀበሉ። የዚህ ጽሑፍ ሌላው ምክር ሁሉ በዚህች አንድ ቀን ላይ የቆመ ነው።

ይህን ስትጠይቁ አከራዮች የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። “ልጄ፣ ቤቱማ ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ውሃ ብታስነኪው ይበቃዋል” ይላሉ እናት አከራይ። መልሱ ጠብ አይፈልግም፤ “እሺ እትዬ፣ እንዳሉት ይሁን፤ ብቻ ነገ በቀን ብርሃን ባዶውን አብረን እንየው፣ ዕቃዬን ከነገ ወዲያ አስገባለሁ” ማለት ይበቃል። ይህን እንቢ የሚል አከራይ ሌላ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላልና ቀብዱን ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት።

ሕጉም ለዚህ ያግዛችኋል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ሁለት ዓመት ልትኖሩበት የምትፈርሙበትን ቤት ግማሽ ቀን መመርመር የበዛ ነገር አይደለም። ከውሉ ጋር አንድ ገጽ አያይዙ፤ የተሰበረው ሲንክ፣ የሻገተው ጥግ፣ የማይፈሰው ሽንት ቤት፣ የቆጣሪው ንባብ፣ ያልተከፈለ የውሃ ዕዳ ካለም እሱ ይጻፍበት። ማን እንደሚያጸዳና እስከ መቼ እንደሚያጸዳ አስገቡበት፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትወጡ “ቤቴን አበላሻችሁት” ቢባል መከራከሪያችሁ ይህች ገጽ ናት።

ቤቱን ስታዩ አዲስ ቀለም አያታላችሁ። ከኮርኒሱ ጥግ ጀምሩ፤ ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ሽታውም ይመለሳል። ቁም ሳጥን ከተዉላችሁ ከግድግዳው አርቁትና ጀርባውን እዩ። የሶኬት ክዳን ዙሪያ፣ የበር መቃን ስንጥቅ፣ የጣውላ ወለል መገጣጠሚያ ላይ የብዕር ጫፍ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ትኋን አለ። “ቤቱ ወር ሙሉ ባዶ ነበር” መባሉ ዋስትና አይሆንም፤ ትኋን ደም ሳያገኝ ለወራት ይቆያል፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የበለጠ ይቆያል። የተተወ ፍራሽ ወይም ሶፋ ምንም ደህና ቢመስል አትቀበሉ።

ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ በሠራቸው ቤቶች የተጀመረ ሰፈር ነው። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የነበረ ግቢ ለብዙ አባወራ የተከፋፈለበት ጊዜ መጣ። ዛሬም በኡራኤል ጓሮ ጓሮ የሚከራዩት ሰርቪሶች በተርታ የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ጣሪያ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ኮርኒስ ይጋራሉ። ስለዚህ በአንዱ ክፍል የተነሰነሰ መርዝ ወይም የተለቀቀ ጋዝ በሌላው ክፍል የተኛውን ሕፃን ሊያገኘው ይችላል። ያረጀ ቀለም ካለም በደረቁ አትፋቁት። የድሮ ቀለሞች ብዙ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙ በሕፃናት አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ግድ ካስፈለገ እያረጠባችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን።

አሁን ወደ በረኪናው ልምጣ፤ በጣም የምሠጋበት ነገር ነው። በረኪና ብቻውን፣ በውሃ ቀጥኖ፣ መስኮት ተከፍቶ ጥሩ ማጽጃ ነው። አሲድ ሲነካው ግን ክሎሪን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በኤፕሪል 1915 (እ.ኤ.አ.)፣ የጀርመን ጦር ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በወታደሮች ላይ የለቀቀው ይህንኑ ጋዝ ነው። በእኛ ሰፈር ሱቆች በረኪናውና የሽንት ቤቱ አሲድ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸጣሉ። ገዢውም ሁለቱን በአንድ ፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ “አንዱ ካላስለቀቀው ሌላው ያስለቅቀዋል” ብሎ አንዱን በአንዱ ላይ ይደፋል።

ምን እንደሚሆን በቅርብ ላሳያችሁ። የሰርቪስ ሽንት ቤት በስፋቱ ሁለት ሰው አያስቆምም፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ናት። የምታጸዳው ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ መቀመጫው አቅርባ ትፈትጋለች። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ እዚያው ወለሉ ላይ፣ እሷ ባጎነበሰችበት ይተኛል። መጀመሪያ ዓይኗን ያቃጥላታል፤ “በረኪና እንዲህ ነው” ብላ ትቀጥላለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ይከረከራል፣ ሳል ይይዛታል፣ ደረቷ ይጨመደዳል። ወጥታ አየር ስታገኝ የተሻላት ይመስላታል። ሳንባ ግን ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል በዚያ ማታ የተሻለው ሰው ሌሊት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ያን ያህልም ጊዜ አያገኝም።

ሽንት የጠጣ ወለልና መቀመጫ ላይም ወፍራም በረኪና መድፋት ሌላ የሚያፍን ጋዝ ያስነሣል፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ይዋሀዳልና። ስለዚህ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ኮምጣጤም አሲድ ነው፤ ከበረኪና ጋር አይገናኝ። ይህ ያልተማረ ሰው ስህተት ብቻ አይደለም። ኮሮና በገባበት በ2020 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ከጽዳትና ከጀርም ማጥፊያ ኬሚካሎች ጋር የተያያዘ ከ45 ሺህ በላይ ጥሪ ደርሷቸዋል። በወቅቱ ከተጠቀሱት መካከል አትክልት ለማጠብ በረኪና፣ ኮምጣጤና ሙቅ ውሃ ቀላቅላ ሆስፒታል የገባች ሴት ነበረች። መለያው በቋንቋዋ የተጻፈላት ሰው እንዲህ ከሆነች፣ መለያው በማታነበው ቋንቋ የተጻፈበት ጠርሙስ የምትቀበል የቤት ሠራተኛችን ምን ታድርግ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሰፈራችን የሚገባበትን ቤት ራሱ የሚፈትግ አባወራ ጥቂት ነው። ሥራው የሚወድቀው በሚስት፣ በእህት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከገጠር በቅርቡ በመጣች ልጅ ላይ ነው። “ግቢና አጽጂው፣ እኛ ዕቃ እናወርዳለን” ተብላ ለብቻዋ ሽንት ቤት ትገባለች፤ በረኪና ምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ ሲያፍናትም እንዳትቆጡ ፈርታ አትናገርም። እባካችሁ ጓንት ግዙላት። በሩን ክፈቱላት። ሁለቱን ጠርሙስ በአንድ ቀን አትስጧት። በአሲድ የተፈተገ ሽንት ቤት በደንብ በውሃ ታጥቦ፣ በረኪናው በማግስቱ ይደረግበት። በየመካከሉም “እንዴት ነሽ፣ ውጪና ተንፍሺ” በሏት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሰሉ ነው። የታጠበ ቤት ይበርዳል፤ ክረምት ከሆነ እስከ ጠዋትም አይደርቅም። ሰው ታዲያ ምድጃውን አቀጣጥሎ መኻል ወለሉ ላይ ያኖርና ሽታው እንዲጠፋለት ዕጣን ይጨምርበታል፤ ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮቱን ይዘጋል። ብዙዎቻችን ከሰሉ ደጅ ጭሱ ወጥቶለት ፍም ከሆነ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። ፍሙ ራሱ ግን የሚገድለውን ጋዝ ያወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ የዋለ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ነው ብሎ ይተኛል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ደጋግሞ ተናግሯል፤ ሙሉ ቤተሰብ ያለቀበት ጊዜም አለ። ወለሉን ማታ አትጠቡት። የምትተኙበትን ጥግ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ እደሩ፤ ሌላው ለነገ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ወይም ነፋስ ያድርቀው።

ከሁሉም የከፋው ግን ለትኋንና ለአይጥ ተብሎ የሚገባው መርዝ ነው። ለእርሻ የተሠራ ማላታዮን በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የሚረጭ ሰው ብዙ ነው፤ ልጁ ግድግዳውን የሚልስበት ዕድሜ ላይ መሆኑን እንኳ አያስብም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ነቀዝ ለመከላከል እህል ውስጥ የሚገባው ክኒን ነው፤ ፎስቶክሲን፣ ሴልፎስ እየተባለ ይሸጣል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በስንጥቅና በኮርኒስ አልፎ ከክፍል ክፍል ይሄዳል፣ መድኃኒትም የለውም።

በካናዳ ፎርት ማክመሪ ከተማ በፌብሩዋሪ 2015 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቤተሰብ ከፓኪስታን የመጣ የዚህ ዓይነት ክኒን ትኋን ያጠፋልናል ብሎ ቤቱ ውስጥ አኖረ። የስምንት ወር ልጃቸው ሞተች፤ ቆይቶ ሌላ ልጅም ሞተባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2017 (እ.ኤ.አ.)፣ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ ደግሞ ከቤት ሥር የተነሰነሰውን ይህንኑ መርዝ አባት በውሃ ሊያጥበው ሞከረ። ውሃው ጋዙን አስነሣው፤ አራት ልጆች ሞቱ። የአማሪሎው ታሪክ ቆሽሾ የተለቀቀ ቤት ለሚያጥብ ሰው በቀጥታ የተላከ መልእክት ነው፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ከጣውላው ሥር ወይም ከኮርኒሱ ላይ ምን እንደተወ ሳታውቁ ውሃ አትድፉ። ስለዚህ አከራዩንም፣ የሚወጣውንም ተከራይ፣ የጎረቤት ክፍል ሰዎችንም ጠይቁ፤ “ምን ተረጭቶበታል? ምን ተቀምጦበታል? መቼ?” ግራጫ ዱቄት ወይም ክኒን፣ ወይም የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ካገኛችሁ አትንኩ፤ ውጡና ለእሳትና አደጋ ደውሉ።

ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በሽታ ማስተላለፉ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ልትታገሡት ትችላላችሁ። አልባሳትን ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ እጠቡ፣ ስፌቱን በካውያ ተኩሱ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ በፈላ ውሃ ለብልቡ፣ ስንጥቁን በጀሶ ድፈኑ። እንቁላሉ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ስለሚፈለፈል ይህን ደጋግሞ ማድረግ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ሰው ግን አይገድልም።

የአይጥ ኩስን በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ቤቱን ለግማሽ ሰዓት አናፍሱ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ አርጥቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሡትና በፌስታል ቋጥሩት። ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ ካለ ሽቦ በልቶ ሊሆን ይችላልና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይየው። ሮቶውንም አትርሱት። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባን እንዴት እንዳስጨነቃት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ክዳኑን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ፤ ታጥቦ እስኪሞላ ድረስ የምትጠጡትን አፍሉ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ይጠራ፤ ማንም ሰው፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ወደ ጉድጓድ አይግባ። አንዱን ለማውጣት የገባ ሌላው እዚያው የቀረባቸው አደጋዎች በዚህች ከተማ ተደጋግመዋል።

ከቤት የምትወጡትንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤቱን አጽድታችሁ ብትወጡ ደግ ነው፤ ጊዜ ካጣችሁ ግን ቆሻሻው ይቅርና መርዙን ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ከፍሪጅ ጀርባ ያኖራችሁትን የአይጥ መርዝ፣ በውሃ ፕላስቲክ የቀዳችሁትን አሲድ፣ በሳጥን ጥግ የቀረውን ክኒን አንሡት። ነገ የሚገባው ቤተሰብ መሬት ለመሬት የሚድህ ልጅ ይኖረዋል፤ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። አከራዮችም ብትሆኑ በአንድ ተከራይና በሌላው መካከል ሁለት ቀን ብትተዉ የምታጡት የሁለት ቀን ኪራይ ነው።

አደጋ ከደረሰ፦ በር ክፈቱና የታፈነውን ሰው ወደ ደጅ አውጡ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ የማታወጡት ከሆነ ግን ተከትላችሁ አትግቡ። በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ዓይን ላይ የፈሰሰ ነገር ለሩብ ሰዓት ያህል በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። መርዝ የዋጠን ሰው በግድ አታስታውኩ፣ ወተትም አትጋቱት። የተሻለው ቢመስልም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ጠርሙሱን ወይም የክኒኑን ማሸጊያ በፌስታል አስራችሁ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።